ጣሪያ ላይ የቀረችው ዱባ

ኑ ቅረቡ። ጆሮ ያለው ወደ እኔ፣ እንቅልፍ የያዘው ወደ ግድግዳው። የዛሬው ተረት እንደ መጫኛ ረጅም ነውና ጫፉን አጥብቃችሁ ያዙ። መሃል ላይ ከጠፋባችሁ እኔን አትጠይቁኝ፤ ባለታሪኩም ራሱ ጠፍቶበት ነበር።

ሰንበሌጥ በር በምትባል መንደር ቢምረው የሚባል ቀፎ ሠሪ ይኖር ነበር። ሸምበቆ ሰንጥቆ ይጎነጉናል፣ በጭቃና በእበት ይለቀልቃል፣ በፀሐይ ያደርቃል። የቢምረውን ቀፎ ያየ ንብ ሌላ ቤት አያምረውም ይሉ ነበር። እጁ እንዲህ የሰላ ሆኖ ሳለ ራሱ ግን ግራ ለመጋባት የተፈጠረ ነው። መጥረቢያውን ትከሻው ላይ ሰክቶ መጥረቢያውን ሲፈልግ ይውላል። እህቱ ቤት ሊሄድ ይወጣና ወዴት እንደሚሄድ ሲያስብ መንገድ ላይ ይመሽበታል። ስለዚህ አንድ ነገር እንዳይረሳ የፈለገ እንደሆነ ጮክ ብሎ እየደጋገመ ነው የሚሄደው። ሰውም ለምዶታል።

ሚስቱ ትጓደድ ትባላለች። ነፍሰ ጡር ናት። ከዚህ በፊት አርግዛ ወርዶባታል፤ አሁን ደግሞ የቀመሰችውን ሁሉ እያስመለሳት ጉንጯ ገብቶ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ገንፎ አልሆነላትም፣ ወተት አልሆነላትም፣ ሽሮማ ሽታውንም አልቻለችው። ቢምረው ባያት ቁጥር ይህኛውም ፅንስ እንዳይወርድ፣ ሚስቱም አብራ እንዳትሄድበት ይፈራል። ፍርሃቱን ግን ለማንም አልተናገረም።

በግንቦት፣ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ትጓደድ ከመደቡ ላይ ቀና አለችና "ዱባ አማረኝ" አለችው።

"ዱባ?"

"አዎ ዱባ። ተቀቅሎ፣ ጨው ብቻ ነካ ተደርጎበት። እሱ እንኳ የሚረጋልኝ ይመስለኛል።"

ቢምረው ጋቢውን አንስቶ ወጣ። ወጥቶ ተመለሰ። "ምን ነበር ያልሽው?" አላት። "ዱባ" አለችው። ዱባ፣ ዱባ፣ ዱባ እያለ ሄደ።

በግንቦት ዱባ ያላቸው እትዬ ማንጠግቦሽ ብቻ ናቸው። ሰፊ ጓሮ አላቸው፤ የመስከረሙ ዱባ ሁሉ ተበልቶ አልቆ አንዲት ትልቅ ዱባ ጣሪያቸው ላይ ተጎልታ ቀርታለች። ቢምረው በሩ ላይ ቆመና "እትዬ፣ ዱባ ይስጡኝ። ዱባ ካልመጣ ትጓደድ እህል አትቀምስም" አላቸው።

"ውይ ልጄን" አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። እውነትም አዘኑ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ቀና ብለው ዱባዋን አዩ፣ ዝቅ ብለው ቢምረውን አዩ። "እኔ ለትጓደድ ነፍሴንም አልሰስት። ግን ባዶ እጅህን ነው የመጣኸው?"

"ባዶ እጄን ነው።"

"እንግዲያው ምን ላድርግህ? ሳልቀበል አልሰጥም ብዬ ሾላው ሥር ምያለሁ። ያስማልከኝ ደግሞ አንተ ነህ።"

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ተንጫጩ አላልኩም፤ አሁን እመለሳለሁ።

ሰንበሌጥ በር ቀድሞ ያላትን ሁሉ በአህያ ጭና ወደ ከተማ የምትሸኝ መንደር ነበረች። ዱባው ይሄዳል፣ ገለባው ይሄዳል፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሰዉ የራሱን እህል ፍለጋ በጭቃ እየዳከረ ወደዚያው ከተማ ይወርዳል። ይሄ ነገር የሰለቻቸው ሽማግሌ፣ ንብ አናቢው አባ ጓንጉል፣ አንድ እሑድ መንደሩን ሾላው ሥር ሰበሰቡና በከዘራቸው አፈሩ ላይ ትልቅ ክብ ሠሩ። "ገለባችን ላማችንን ያብላ" አሉ። "የላማችን ፍግ ጓሯችንን ያብላ። ጓሯችን እኛን ያብላን። ባለ እጃችን ማረሻ ይሳልልን፣ ማረሻው ገለባ ያምጣልን። ለምን ተራራውን ተሻግሮ ይሄዳል? እዚሁ ይዙር።" ሰዉ ደስ አለው። እንዲህ ያለ ያማረ ነገር ሰንበሌጥ በር ሰምታም አታውቅ።

ታዲያ ያ ቢምረው፣ ያ ጠንቃቃ ሰው፣ ብድግ አለ። "ወስዶ የማይመልስ ቢኖርስ? እንግዲህ ማንም ሰው ሳይቀበል አይስጥ" አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ሰዉ አሰበበት፣ ወደደው፣ "እውነቱን ነው" ብሎ አጨበጨበ። ይህን ያፈረሰ ከደቦ ይውጣ፣ እሳትም አይጫርለት ተባለና ሁሉም ሾላውን እየነካ ማለ። ከዚያ ወደየቤቱ ሄዶ የሚቀበለውን መጠበቅ ጀመረ። ሁሉም መቀበያ እጁን ዘርግቶ ተቀመጠ፤ የሰጪ እጅ ግን ከየት ይምጣ? ጎታው ሙሉ እስከሆነ ድረስ ይህን ልብ ያለ አልነበረም። ግንቦት ሲመጣ ነው ጉዱ የወጣ።

ተመለስኩላችሁ። እትዬ ማንጠግቦሽ እንዲህ አሉ፦ "ጓሮዬ መሬቱ ደክሟል፤ ዘር ልጥል ብል ምን ያበቅልልኛል? ፍግ አምጣልኝና ዱባዋን አውርደህ ውሰድ።"

ቢምረው ወጣ። "ፍግ ካልመጣ ዱባ የለም፤ ዱባ ካልመጣ ትጓደድ እህል አትቀምስም" እያለ ሄደ።

ፍግ ያለው አያ እንዳላማው ዘንድ ነው። ላሞች አሉት፤ ፍጉም በረቱ ጎን ተከምሮ ተከምሮ አጥሩን በልጦታል። ጥጃው ክምሩ ላይ ወጥቶ መንገደኛ ያያል። እንዳላማው በነጠላው አፍንጫውን ይዞ በሩ ላይ ተቀምጧል።

"አያ እንዳላማው፣ ፍግ ስጠኝ። ፍግ ካልመጣ ዱባ የለም፤ ዱባ ካልመጣ ትጓደድ እህል አትቀምስም።"

"ወንድሜ፣ ይህን ክምር የሚያነሳልኝ ባገኝ እግሩን ስሜ አሰናብተው ነበር" አለ እንዳላማው። "ጠረኑ ጎረቤት አሳጣኝ። ግን መሐላ አለብኝ። ላሞቼን እያቸው እስቲ፣ አጥንታቸው ይቆጠራል፤ ወተቱም ነጥፏል። ገለባ አምጣልኝና ፍጉን ዝቀህ ውሰድ።"

"የማትፈልገውን ነገር ለመስጠትም ትቀበላለህ?" አለ ቢምረው፣ ግራ እየገባው።

"ያልከው አንተ ነህ" አለ እንዳላማው። "እኔ የተረዳሁት መሰለህ? ሰው ሲያጨበጭብ አጨበጨብኩ እንጂ።"

ቢምረው ራሱን እያከከ ወጣ። "ገለባ ካልመጣ ፍግ የለም፤ ፍግ ካልመጣ ዱባ የለም፤ ዱባ ካልመጣ ትጓደድ እህል አትቀምስም።" ድልድዩ ጋ ሲደርስ ትንሽ ተምታታበትና "ትጓደድ ካልመጣች ገለባ እህል አይቀምስም" አለ። ቆመ። "የለም፣ እንደሱ አልነበረም" ብሎ ሁሉን እንደገና ጀመረው።

ገለባ ያለው አያ ሽባባው ዘንድ ነው። ሽባባው ክርክር እንደ ጠላ የሚወድ ሰው ነው፤ የሚሟገተው ካጣ ከበሬው ጋር ይሟገታል። የገለባው ክምር ከቤቱ ይበልጣል፤ የግንቦቱ ዝናብ ደርሶበት ጫፉ መጥቆር ጀምሯል።

"አያ ሽባባው፣ ገለባ ስጠኝ። ገለባ ካልመጣ ፍግ የለም፤ ፍግ ካልመጣ ዱባ የለም፤ ዱባ ካልመጣ ትጓደድ እህል አትቀምስም።"

"ቁጭ በል" አለ ሽባባው። "ነገሩን ከሥሩ እንየው። ሳይቀበል አይስጥ አልን። መስጠት ምንድን ነው? መቀበልስ?"

"አያ ሽባባው፣ ትጓደድ ርቧታል።"

ይሄን ጊዜ ሽባባው ክርክሩን ተወ፤ ይህ ለሱ ብርቅ ነው። ቀስ ብሎም "እኔንም እኮ ነገሩ አሞኛል" አለ። "ዝናቡ ጥሎ፣ መሬቱ ለስልሶ፣ በሬዎቼ ቆመው እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ። ማረሻዬ ባለ እጁ ቤት ነው። ባለ እጁ ደግሞ ሳልቀበል አልሰጥም አለኝ። ማረሻዬን አምጣልኝ፣ ገለባው ያንተ ነው። ካላረስኩ የዛሬ ዓመት ገለባም እህልም የለም።"

ቢምረው ወጣ። "ማረሻ ካልመጣ ገለባ የለም፤ ገለባ ካልመጣ ፍግ የለም፤ ፍግ ካልመጣ ዱባ የለም፤ ዱባ ካልመጣ ትጓደድ እህል አትቀምስም።" ፀሐይዋ አናቱ ላይ ወጥታለች። ምሳ አልበላም፤ አለመብላቱንም ረስቶታል። ጭንቅላቱ ውስጥ ማረሻው ፍጉን ያርሳል፣ ላሟ ዱባውን ትወልዳለች፣ ትጓደድ ገለባው ክምር ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። አንድ ነገር ብቻ አልተምታታበትም፤ እሷ እንደራባት።

ባለ እጁ ተገኘ ዝምተኛ ነው። ወናፉ አጠገብ ተቀምጧል፤ ግራ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ በጉልበቱ ላይ አስቀምጦታል። የሽባባው ማረሻ ተስሎ፣ አብረቅርቆ፣ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። 

"ተገኘ ወንድሜ፣ ማረሻውን ስጠኝ። ማረሻ ካልመጣ ገለባ የለም፤ ገለባ ካልመጣ ፍግ የለም፤ ፍግ ካልመጣ ዱባ የለም፤ ዱባ ካልመጣ ትጓደድ እህል አትቀምስም።"

ተገኘ የተጠቀለለ እጁን አነሳ። "ተቃጥያለሁ" አለ። "ማር።"

"ምን ማር?"

"ማር ሲቀባ ያበርደዋል። አባ ጓንጉል አላቸው። ሳይቀበሉ አይሰጡም። እኔም ሳልቀበል አልሰጥም።" እንዲህ ብዙ መናገሩ ደከመውና ወደ እሳቱ ዞረ። ከዚያ ግን መለስ አለና "ትጓደድን እግዜር ይማርልህ" አለው።

ቢምረው ማረሻውን በእጁ ነካው። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። አንስቶት ቢሮጥ ማንም አይከለክለውም፤ ሐሳቡም ውል ብሎበት ነበር። ነገር ግን እሳት የማይጫርለት ሰው ሚስት እንዴት ዱባ ትቀቅላለች? እጁን ሰበሰበና ወጣ።

"ማር ካልመጣ ማረሻ የለም፤ ማረሻ ካልመጣ ገለባ የለም፤ ገለባ ካልመጣ ፍግ የለም፤ ፍግ ካልመጣ ዱባ የለም፤ ዱባ ካልመጣ ትጓደድ እህል አትቀምስም።" አሁን መናገር ብቻ አይደለም፣ በጣቱም ይቆጥራል። ጣቶቹ ተቆጥረው ያልቁና ማርዋ የትኛዋ ጣት እንደነበረች ይጠፋበታል። እንደገና ከአውራ ጣቱ ይጀምራል።

አባ ጓንጉል ወንዙ ዳር፣ ሸምበቆው አጠገብ፣ ከአንዲት ግራር ሥር ቆመው ወደ ላይ ያያሉ። ዓይናቸው ፈዟል፤ የሰው ጥላ እንጂ መልክ አይለዩም። ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ከበላያቸው ቅርንጫፉ ላይ የንብ መንጋ እንደ ጢም ተንጠልጥሎ ይርመሰመሳል።

"አባ፣ ማር ይስጡኝ። ማር ካልመጣ ማረሻ የለም፤ ማረሻ ካልመጣ ገለባ የለም፤ ገለባ ካልመጣ ፍግ የለም፤ ፍግ ካልመጣ ዱባ የለም፤ ዱባ ካልመጣ ሚስቴ እህል አትቀምስም።"

"ማርማ ሞልቶ" አሉ አባ ጓንጉል፣ ዓይናቸውን ከግራሩ ሳይነቅሉ። "እኔን ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። ንቡ ቤት ፈልጎ ወጥቷል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ካላገኘ ጥሎኝ ይሄዳል። ንብ ከሄደ ደግሞ ማሩ ብቻ አይምሰልህ፤ የዱባውን አበባ ማን ይዳስስልናል? ኑጉንስ? ባቄላውንስ? ያን ሁሉ ክብ የሠራሁት ለከንቱ ነው። አንድ ቀፎ አምጣልኝ፣ ማሩን በቅል ሞልቼ እሰጥሃለሁ።"

"ቀፎ ከማን ላምጣ?"

"ከማን ይመጣል፣ ከቢምረው ነዋ። ቀፎ የሚሠራ ሌላ ማን አለ? ሰው ልኬበት ነበር፣ ሳልቀበል አልሰጥም ብሎኛል። የሰው ጭንቀት የማይገባው ነው መሰለኝ።"

"እንዴት ያለ ክፉ ሰው ነው" አለ ቢምረው።

አትሳቁ። ከጠዋት ጀምሮ እህል ባፉ ያልዞረ ሰው፣ አንድ መንደር ሙሉ ጭንቅላቱ ላይ ተሸክሞ፣ የራሱን ስም ቢረሳ ምን ይገርማል? እናንተም ትረሱት ነበር። "ቢምረው፣ ቢምረው፣ ቢምረው" እያለ በረረ። "ቀፎ ካልመጣ ማር የለም፤ ማር ካልመጣ ማረሻ የለም፤ ማረሻ ካልመጣ ገለባ የለም፤ ገለባ ካልመጣ ፍግ የለም፤ ፍግ ካልመጣ ዱባ የለም፤ ዱባ ካልመጣ ትጓደድ እህል አትቀምስም።" የቢምረውን ቤት እግሩ ያውቀዋል። ዞሮ ዞሮ ከቤት ይሉ የለ፤ እግሩ መርቶ ወሰደው። አጥሩ ጋ ደረሰና ቆሞ ተጣራ።

"ቤቶች፣ ቢምረው አለ?"

ከውስጥ ደካማ ድምፅ "የለም" አለ። "ዱባ ፍለጋ ከወጣ ቆየ።"

"መቼ ይመለሳል?"

"ዱባ ሲያገኝ።"

"ከባድ ነው" አለ ቢምረውና ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጦ ቢምረውን መጠበቅ ጀመረ። በልቡም ይዘጋጃል፤ ያ ክፉ ሰው ሲመጣ የሚናገረውን ይሰድራል። አንተ ሰው፣ ሚስት የለህም ወይ ሊለው ነው።

ትጓደድ ድምፁን አውቃዋለች። የበሩን መቃን ይዛ፣ ግድግዳውን እየተደገፈች ወጣች። "ማንን ነው የምትጠብቀው?" አለችው።

"ቢምረውን።"

ትኩር ብላ አየችው። ፈራች፤ ራበኝ ብላ ባሏን ያሳበደች መሰላት። "አንተስ ማን ነህ?" አለችው፣ ቀስ ብላ።

"እኔማ ቢም…" አለና ቆመ። አፉ ተከፍቶ ቀረ። ቀና ሲል ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ልክ ከራሱ በላይ፣ በገዛ እጁ የሠራው አዲስ ቀፎ ተንጠልጥሏል። የሚቀበለው እስኪመጣ ብሎ እሱው ነው የሰቀለው። አየው። ትጓደድን አያት። እንደገና ቀፎውን አየ።

"ቀፎው እኔ ጋ ነው" አለ።

"እሱማ ከሰነበተ ስንት ጊዜው።"

"ልሰጥ አልችልም እኮ። ምያለሁ። ሳልቀበል አልሰጥም። የምቀበለው ዱባ ነው፤ ዱባው ፍግ ይፈልጋል፣ ፍጉ ገለባ፣ ገለባው ማረሻ፣ ማረሻው ማር፣ ማሩ ቀፎ፣ ቀፎው እኔን። እኔ ደግሞ ዱባ፤ ዱባው ፍግ፤ ፍጉ…" ዞረበት። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነና አለቀሰ። "ፈራሁ፣ ትጓደድ። ትሞቺብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። እኔ ነኝ ያሰርኩት፣ መፍቻው ጠፋኝ።"

ትጓደድ አጠገቡ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀችና "የዚህን ቀፎ ሸምበቆ ከየት ቆረጥከው?" አለችው።

"ከአባ ጓንጉል ወንዝ ዳር።"

"ሲሰጡህ ምን ሰጠሃቸው?"

"ምንም። ቁረጥ ልጄ ነው ያሉኝ።"

"እበቱንስ?"

"ከእንዳላማው በረት ነው። ዛቅ አለኝ፣ ዛቅሁ።"

"ሸምበቆ የሰነጠቅክበት ቢላ?"

"ተገኘ ስሎልኝ።" ቢምረው እንባውን ጠረገ። "ያ ሁሉ ግን ከመሐላው በፊት ነው።"

"መሐላችሁ ሳትቀበል አትስጥ ነው የሚለው። የተቀበልከው ከመሐላው በኋላ ይሁን ብሏል?"

ቢምረው አሰበ። አሁን ገና በዚያን ቀን አንድ ነገር ገባው። "ተቀብያለሁ" አለ።

"ተቀብለሃል። ሂድ፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ።"

ቀፎውን አወረደ። ጀርባው ላይ አድርጎ ወደ ወንዙ ሮጠ። አባ ጓንጉል ድምፁን ሲሰሙ "አገኘኸው እንዴ ያን ክፉ ሰው?" አሉት እየሳቁ፤ መጀመሪያውኑም በድምፁ አውቀውታል። "አገኘሁት አባ፣ እኔው ነኝ። ይቅር ይበሉኝ" አላቸው። ቀፎውን ቅርንጫፉ ሥር ያዙለት፤ ንቡ ጥቂት ዞረ፣ ጥቂት አሰበ፣ ገባ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ለመናገር ትንፋሽ ይጠይቃል። ቀፎው መጣና ማሩ ተሰጠ። ማሩ መጣና የተገኘ እጅ በረደለት፣ ማረሻውም ተሰጠ። ማረሻው መጣና ሽባባው ሳይሟገት ገለባውን ሰጠ፤ ሸክሙ ለቢምረው ስለበዛ እሱም ተሸክሞ ተከተለው። ገለባው መጣና ላሞቹ አፋቸውን ሞሉ፣ እንዳላማውም ፍጉን ዝቆ፣ ነጠላውን ከአፍንጫው አንስቶ ተከተላቸው። ፍጉ መጣና እትዬ ማንጠግቦሽ ጓሯቸው ላይ አስበተኑት፣ መሰላሉንም ጣሪያው ላይ አስደገፉ።

ቢምረው ወጣ። ዱባዋን አቀፋት። ሲያነሳት ግን ሥሯ ለስልሷል፤ ብዙ ስለተቀመጠች ባንድ በኩል መበስበስ ጀምራለች።  እትዬ ማንጠግቦሽ ተቀበሉና በጣታቸው አንኳኳት፣ በቢላ የለሰለሰውን ቆርጠው ጣሉት። ውስጧ ቢጫ ነው፣ ደህና ነው። "ነገ ብትመጣ ኖሮ ለላሞቹ ነበር የምንሰጣት" አሉ።

ቢምረው ቤት ገብተው እሳቱን ሁሉም ተሻምተው አነደዱት። ዱባዋ ተቀቀለች፣ ጨው ነካ ተደረገባት። ትጓደድ አንድ ጉርሻ ዋጠችና ዓይኗን ጨፈነች። ቢምረው የሚያየው ጉሮሮዋን ነው። ሌሎቹ በሩ ላይ ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ ምንም አልተመለሰም።

"ረጋልኝ" አለች። "ጨምርልኝ።"

ቢምረው ሊጨምርላት ተነሳና ጭልፋውን ፈለገ፣ ፈለገ፣ አጣው። በእጁ ይዞታል። ይሄን ጊዜ ትጓደድ ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች።

እሑድ መንደሩ ሾላው ሥር ተሰበሰበ። ሽባባው አዲሱ መሐላ ምን ይሁን ብሎ ሊከራከር ተዘጋጅቶ መጥቶ ነበር። አባ ጓንጉል ግን አላስጀመሩትም። ክቡን እንደ ድሮው አፈሩ ላይ ሠሩና "እስቲ ምንም ሳይቀበል እዚህ የደረሰ ሰው እጁን ያውጣ" አሉ። እጅ ጠፋ። "በሉ እንግዲህ፣ ሁላችሁም ተቀብላችኋል፤ ሂዱና ስጡ" አሏቸው። ሰዉ ምን ላይ እንደሚምል ግራ ገብቶት ትንሽ ቆመ፤ ኋላ ሳይምል ወደየሥራው ሄደ።

የትጓደድ ልጅ በክረምቱ መውጫ ተወለደች። ሴት ናት፤ እንደ ዱባዋ ክብ ናት። የዱባዋን ፍሬ ደግሞ ትጓደድ አድርቃ አስቀምጣው ነበርና ለጠየቀ ሁሉ ስትዘግን ኖረች። ምን ልስጥሽ ያላትን ሰው ቢምረው ነው የሚመልስለት። "ሰጥተኸናል" ይለዋል። "ምን ሰጠኋችሁ?" ሲለው ያስባል፣ ያስባል፣ ይጠፋበታል። "ብቻ ሰጥተኸናል" ብሎ ያሰናብተዋል።

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀች። ልብ በሉልኝ፤ ስጀምር ከእናንተ ምንም አልተቀበልኩም። አፌን በዳቦ አብሱልኝም አልልም፤ ዱባ ካላችሁ ግን ከጣሪያው አውርዱት፣ ጎረቤታችሁ ሳይጠይቃችሁ።